ክፍያችሁ ከባንክ ሂሳባችሁ በራሱ እንዳይቆረጥ ለምን ወሰንን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት የላክንላችሁ መልእክት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ አውቃለሁ። ስልኩ ሦስት ቀን ሙሉ አላረፈም። መልእክቱ ሁለት መስመር ነበር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለግብር ቢሯችን የምትከፍሉት ወርሃዊ ክፍያ ከሂሳባችሁ በራሱ አይቆረጥም፣ በየወሩ ራሳችሁ በዴቢት ካርድ ትከፍላላችሁ፣ ክፍያውም ከ30 ዶላር ወደ 32 ከፍ ይላል ይላል። ይህን የሚያህል ነገር በሁለት መስመር መላኬ ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውሳኔው ግን ጥፋት አይመስለኝም።

ከሁሉም የከበደኝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አብረውን ያሉ አንድ እናት የተናገሩት ነው። «ልጄ፣ አንተም እንደ ባንኩ ሆንክ?» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ነገሩ የሚጀምረው በጃንዋሪ 2025 ከጻፍኩላችሁ ደብዳቤ ነው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በዲሴምበር 12፣ 2024 አዲስ የኦቨርድራፍት ደንብ አውጥቶ ነበር። ሂሳባችሁ ባዶ ሆኖ ሳለ ባንኩ ሲከፍልላችሁ የሚቆርጠው 35 ዶላር፣ ከኦክቶበር 1፣ 2025 ጀምሮ ወደ 5 ዶላር ሊወርድ ነው ተባለ። ቢሮው ሕዝቡ በዓመት እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ይተርፈዋል ብሎ ገምቶ ነበር። እኔም ያንን ይዤ «ከኦክቶበር በኋላ ተገላገልን» ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ቸኩያለሁ። ደንቡ የሚነካው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ብቻ ነበር። ለእነሱም ቢሆን 5 ዶላሩ አንዱ አማራጭ ነው እንጂ ግዴታ አልነበረም። ወጪያቸውን ብቻ የሚሸፍን ክፍያ መጠየቅ ወይም ኦቨርድራፍቱን እንደ ማንኛውም ብድር በብድር ሕግ መሠረት መስጠት ይችሉ ነበር። ዋናው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ደንቡ ገና ከኮንግረስ እጅ እንዳልወጣ አልነገርኳችሁም።

በ1996 የወጣ ኮንግረሽናል ሪቪው አክት የሚሉት ሕግ አለ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንብ ሲያወጣ ለሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች መላክ አለበት። ካልወደዱት በጋራ ውሳኔ ይሽሩታል፤ ፕሬዚዳንቱ ከፈረሙበት አለቀ። ሴኔት ውስጥ አብዛኛውን ሌላ ሕግ የሚያስረው፣ ክርክር ለመዝጋት የሚጠየቀው የ60 ድምፅ ጣጣ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ተራ አብላጫ ይበቃል። የጊዜ ቆጠራውም የራሱ ነው። ደንቡ የወጣው የአንዱ ኮንግረስ ዘመን ሊያልቅ ሲል ከሆነ፣ አዲሱ ሲገባ የመሻሪያው ጊዜ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የዲሴምበሩ ደንብ የወደቀው እዚያ ላይ ነው። ሲወጣ የነበረው አንድ ኮንግረስ ነው፣ የፈረደበት ሌላ ነው።

ሴኔቱ በማርች 27፣ 2025 በ52 ለ48፣ የተወካዮች ምክር ቤት በኤፕሪል 9 በ217 ለ211 ድምፅ ሻሩት። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜይ 9 ፈረሙበት። አምስት ዶላሯ ሳትወለድ ቀረች። ትመለሳለች ብላችሁም አትጠብቁ። በዚሁ ሕግ መሠረት ቢሮው ያንኑ የሚመስል ደንብ ዳግም ማውጣት የሚችለው ኮንግረስ አዲስ ሕግ አውጥቶ ሲፈቅድለት ብቻ ነው።

ይህን አስቀድሜ መጠርጠር ነበረብኝ። በ2017 ያው ቢሮ ደንበኞች ተሰባስበው ባንካቸውን በፍርድ ቤት መክሰስ እንዲችሉ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሴኔቱ 50 ለ50 እኩል ተከፈለ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ፔንስ ድምፃቸውን ጨመሩ፣ ደንቡም ተሻረ። ያኔም ዜናውን ሰምቻለሁ። ሰው ደስ ሲለው ግን ይረሳል።

አንዳንዶቻችሁ ስትደውሉ ኮንግረስን አብሬያችሁ እንድሰድብ ትፈልጋላችሁ። ይቅርብኝ። ማንም ያልመረጠው ቢሮ ያወጣውን ደንብ የመረጥናቸው ሰዎች ማየታቸው ክፋት የለውም። የሻሩት ወገኖች ዋጋው ከተገደበ ባንኮች አገልግሎቱን ጭራሽ ያቆሙታል ብለው ተከራክረዋል። እኔ አላሳመነኝም። ግን የእኔ መሳመን አለመሳመን የማንንም 35 ዶላር አይመልስም።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ሜይ ላይ ደንቡ ሲሻር ልጽፍላችሁ ይገባ ነበር። የግብር ወቅት አድክሞን ስለነበር ዛሬ ነገ ስል ሳልጽፍ ቀረሁ። ኦክቶበር 1 ቀን እንደ ወትሮው ክፍያችን ተቆረጠ። ደብዳቤዬን አምነው ሂሳባቸውን ሳያዩ የቀሩ ሰባት ደንበኞች 35፣ 35 ዶላር ተቆረጠባቸው። ለሰባቱም ከኪሴ መለስኩ፤ 245 ዶላር ነው። ልኮራበት አይደለም የምጽፈው። ግን «አንተም እንደ ባንኩ» ስባል ማስታወሴ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ያለውን ሕግ አነበብኩ። አንድ ያልተሻረ ደንብ አለ፤ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ። ባንክ ያለ እናንተ ፈቃድ በኤቲኤምና በአንድ ጊዜ የዴቢት ካርድ ክፍያ ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ ሊቆርጥባችሁ አይችልም። ቼክና ከሂሳብ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። የኛ ክፍያ ያለው ታዲያ ጥበቃ በሌለው በኩል ነበር! እናንተን ከባንክ ቅጣት ልናድን የተከፈትን ቢሮ፣ ቅጣቱን በየወሩ አንደኛ ቀን በራችሁ ድረስ ስናመጣው ኖረናል ማለት ነው።

በካርድ ራሳችሁ ስትከፍሉ፣ ለባንኩ ፈቃድ ካልሰጣችሁና ሂሳባችሁ ባዶ ከሆነ ካርዱ አልሠራም ይላል። በቃ። 35 የሚባል ነገር የለም። ፈቃድ መስጠታችሁን የማታስታውሱ ካላችሁ ባንካችሁን ጠይቁ፤ በፈለጋችሁት ጊዜ ማንሳት ትችላላችሁ። ካርዱንም በየወሩ በራሱ እንዲከፍል አታድርጉት፤ ያኔ ወደ ድሮው ተመለስን።

ሁለቷን ዶላር በተመለከተ። የካርድ ድርጅቱ ከያንዳንዱ ክፍያ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። የቢሮ ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ሁሉም ጨምሯል። ክፍያችንን ግን አራት ዓመት አልነካነውም ነበር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ይህን ሥራ የጀመርኩት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ ቀን የሰው ግብር እየሞላሁ ነው። አንድ ቅዳሜ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ 35 ተቆርጦብኝ የሳምንቱ ነዳጅ ገንዘብ ሲያልቅብኝ ነው ይህ ቢሮ በሐሳቤ የተከፈተው። ስለዚህ ገንዘብ ፈልጎ ነው ስትሉኝ ያመኛል። እውነቴን ነው።

ለመሄድ የወሰናችሁ ካላችሁ ፋይላችሁን አዘጋጅቼ በእጃችሁ እሰጣለሁ፤ አልቀየምም። ብትቆዩልኝ ግን ደስ ይለኛል። ክፍያው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ቢዘገይ ችግር የለም። ካርድ የሌላችሁ ቢሮ መጥታችሁ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር መክፈል ትችላላችሁ።

እኚያ እናት ቅዳሜ ጠዋት ካርዳቸውን ይዘው ሊመጡ ተቀጣጥረናል፤ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አሳያቸዋለሁ። ግራ የገባችሁ እናንተም ኑ፤ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቢሮው ባለቤት