ቆዳ ሲጠጥር ፕሬድኒሶሎን በግምት አይዋጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስክሌሮደርማ የቆዳ ሕመም ብቻ ተደርጎ መታየቱ ሕይወት እያስከፈለ ስለሆነ ይህን ለአንባቢዎቻችሁ እንድታደርሱልን እንጠይቃለን። የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይመረትና ቆዳን፣ ሳንባን፣ የምግብ ቧንቧን ያደነድናል፤ የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጣት ነው። በብርድ ወይም በድንጋጤ ጣቶች ይነጣሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ሲሞቁ ይቀላሉ። ቀጥሎ ያብጡና ቀለበት አልገባ ይላል፤ የቆዳው መጠጠር ከጣት ወደ ክንድ ይወጣል። ሰዉ «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ይላል። ጣት ሲቆስል ደግሞ የሥጋ ደዌ መስሎት የሚሸሽ አለ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ስለሚጎዳ ቦታውን ያደነዝዛል፤ የስክሌሮደርማ የጣት ጫፍ ቁስል ግን እንቅልፍ እስኪነሳ ያማል።

እጅግ የሚያሳስበን ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። መገጣጠሚያ ሲያም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ገዝቶ መዋጥ ተለምዷል። ቆዳው በፍጥነት እየጠጠረ ላለ ሕመምተኛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት፣ በቀን ከ15 ሚሊግራም በላይ መውሰድ የኩላሊት ቀውስ ሊያስነሳ ይችላል። የኩላሊት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደም ግፊት በድንገት ያሻቅባል፤ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና የትንፋሽ ማጠር ይከተላሉ። ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሲወስድ የቆየ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በአንዴ አያቁም፤ ያም አደገኛ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስለት።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ግፊቱን ይለካ፣ ቁጥሩንም በደብተር ይመዝግብ። ከ140/90 ካለፈ፣ ወይም የላይኛው ቁጥር ከተለመደው በ30 ከጨመረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ዘወትር 100 የነበረ ሰው 130 ሲሆን «ደህና ነህ» ተብሎ መመለስ የለበትም፤ ደብተሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየው ክሬቲኒን በደም፣ እንዲሁም ሽንት ይመርመሩ።

ለቀውሱ የሚሰጠው ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ በትንሽ ተጀምሮ በሐኪም ክትትል በፍጥነት ይጨመራል። ባልደረቦቻችንን አደራ የምንለው፣ ክሬቲኒን ከፍ አለ ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ቀውሱ ሳይመጣ ለመከላከያ ብሎ መስጠት ግን አይመከርም።

የቆዳና የመገጣጠሚያ ሕሙማንን የምናክም ሐኪሞች
አዲስ አበባ