ይድረስ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ልጄ ስለተንበረከከችባት ዓርብ

ክቡር ኃላፊ፣

አደባባይ ላይ የምጽፍልዎ በቢሮ በኩል የጻፍኩት መልስ ስላጣ ነው። ጥር 3 ቀን ያስገባሁት ማመልከቻ የመዝገብ ቤትዎ ማኅተም አርፎበታል፤ ቀሪው ኪሴ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሁለቱን ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሦስተኛው በር ላይ አገኘሁዎትና አንድ እግርዎን መኪና ውስጥ አስገብተው «ፀሐይ እንደሆነች ነገም ትወጣለች» አሉኝ።

እውነትዎን ነው፣ በማግሥቱም ወጥታለች። ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ዓርብ፣ እንደወጣችው ግን አልወጣችም።

የጠየቅኩትን ምናልባት ስላላነበቡት ልድገመው። እኔ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነኝ። ብየዳ ዓይን ሲመታ ምን እንደሚመስል፣ ድንች ልጦ ዓይን ላይ አድርጎ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ማደር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ስለዚህ ከመርካቶ 14 ቁጥር የብየዳ መስታወት፣ ስድስት፣ በራሴ ገንዘብ አስመጣሁ። ከሰልፍ በኋላ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ሜዳው ላይ ይቆዩና ግርዶሹን ተራ በተራ ይዩ፤ ጥላሸት የተቀባ ጠርሙስና የራጅ ፊልም እንዳይጠቀሙ አስቀድሞ ይነገራቸው ነው ያልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

እምቢ ስትሉ ልጄን ይዤ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሁለት ጓደኞቿም ከነወላጆቻቸው ፈቃድ አብረውን ወጡ። ከከተማው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሣሩ ውርጭ እንደለበሰ ነበር። ሰማዩ የጥር ሰማይ ነው፣ አንዲት ደመና የለችበትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከግማሽ በላይዋ ተከልሏል። ልጄ የማካሮኒ ካርቶን በሚስማር በስታ ይዛ ነበር፤ ብርሃኑ በቀዳዳው አልፎ መሬት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ማጭድ ሠራ። ቀና ስንል ባሕር ዛፉ ሥርም በቅጠሉ መሃል የሾለከው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ ሆኗል። ከሥላሴ ንግሥ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አንዲት እናት ምን እንደምናደርግ ጠየቁን፤ መስታወቱን ሰጠናቸው። አዩ፣ አማተቡ፣ ደግመው አዩ። «ይቺን ሳላይ ብሞት ኖሮ!» አሉ። እርስዎ ለአንድ ሺህ ልጆች የነፈጉትን እኚህ እናት መንገድ ላይ አገኙት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን የፈቃድ ደብዳቤ አስይዤ ትምህርት ቤት አደረስኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ዩኒት ሊደሩ ደብዳቤውን አላነበበም። ሦስቱንም ሰንደቁ ሥር ጠጠር ላይ አንበረከካቸው፣ እስከ አምስት ሰዓት። በኋላ ሄጄ ስጠይቅ የተሰጠኝ ምክንያት ምን መሰለዎት? «ግርዶሽ ለዓይን አደገኛ ስለሆነ ነው ተማሪዎቹን ከክፍል እንዳይወጡ ያደረግነው።»

ክቡር ኃላፊ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ሙሉ አልሆነችም ነበር! መስታወቱ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ለዓይናቸው የተጨነቀው ትምህርት ቤት ግርዶሹ ሳያልቅ ውጭ ፀሐይ ላይ አንበርክኳቸዋል። የልጄ ጉልበት ላይ ጠጠሩ የሠራውን ምልክት እናቷ በሞቀ ውኃ ስታሽ አምሽታለች።

የቀሩት ልጆችስ? መጋረጃ ተዘግቶ ፕላዝማ ሲያዩ ነበር። በሳተላይት የመጣ መምህር ስክሪኑ ላይ ያስተምራል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጨረቃ ፀሐይን ትከልላለች። ኬንያና ሶማሊያ ላይ የፀሐይዋን ጠርዝ ብቻ አስቀርቶ ቀለበት የሠራው፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ 11 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ የቆየው ይኸው ግርዶሽ ነው። ከዚህ የሚረዝም ቀለበት በፈረንጆች 3043 እንጂ ከዚያ በፊት የለም። እናንተ ግን በየስብሰባው «ሰባ ሰላሳ» ትሉናላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ ሰባው እጅ ሳይንስ ይማር።

ትምህርት ይባክናል እንዳይሉኝ ደግሞ፣ አምና እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከጠዋት እስከ ቀትር አስፋልት ዳር ባንዲራ ይዘው የቆሙት እነዚሁ ልጆች ናቸው። እንግዳው የመኪናውን መስኮት እንኳ ዝቅ ሳያደርግ አለፈ። ያን ቀን «ቀሪ» የተባለ ልጅ አልሰማሁም።

የዞናችን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን የተባለችው ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉም አሉ። ንጉሡ ቀና ብለው በማየታቸው ያንበረከካቸው ዩኒት ሊደር አልነበረም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በሦስቱ ልጆች ስም ላይ የተጻፈው «ቀሪ» ይሰረዝ፣ ያንበረከካቸውም ሰው ፊታቸው ቆሞ ይቅርታ ይበል። አገራችን ላይ ቀለበት ስለሚሠራው ግርዶሽ አይጨነቁ። ልጄ ከጂኦግራፊ መምህሯ እንደሰማችው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይዣት እሄዳለሁ። ቀኑን ቆጥረነዋል፣ እሑድ ነው፤ ፈቃድዎ አያስፈልገንም።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ብረት ሠሪ
ሰሜን ሸዋ፣ ጥር 2002 ዓ.ም.