የታተመ ቁጥር ሲሳሳት

ውድ አባላት፣

የአእምሮ ሕመም ስርጭትን በሚመለከት ጥናት ላይ ስህተት ስናገኝ ዝም ብለን አንለፍ። አንዴ የታተመ ቁጥር እግር አውጥቶ ይሄዳል። ሌሎች ይጠቅሱታል፣ በጀት ይያዝበታል፣ ሕሙማንም ስለ ራሳቸው ያነቡታል።

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የማጣሪያ መጠይቅን ውጤት እንደ ሐኪም ምርመራ መቁጠር ነው። የድባቴ ማጣሪያ መጠይቅ የሆነውን ፒኤችኪው-9ን እንውሰድ። 9 ጥያቄዎች አሉት፣ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል እንጂ ድባቴ አለበት ማለት አይደለም። ሒሳቡን እዩት። ከ1,000 ሰዎች 50ዎቹ ብቻ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 90 በመቶውን፣ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ያኔ 45 ሕሙማንና 95 ጤነኞች አንድ ላይ «አለባቸው» ይባላሉ። 5 በመቶ የነበረው 14 በመቶ ሆኖ አረፈው! ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የአንድ ወቅት ስርጭትን (በዚያ ጊዜ የታመሙትን) እና የዕድሜ ልክ ስርጭትን (በሕይወታቸው አንዴም ቢሆን ታመው የሚያውቁትን) ማደባለቅም አለ። እሱ ግን ሰንጠረዡን በደንብ ላየ ሰው ቶሎ ይያዛል።

መጀመሪያ ለጸሐፊዎቹ በትሕትና ጻፉ። ገጹን፣ ሰንጠረዡንና የራሳችሁን ስሌት አያይዙ። መልስ ከጠፋ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ላኩ። ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ሰዎቹ አታውሩ፤ አብዛኛው ስህተት ያለ ክፋት የሚፈጠር ነው። ማረሚያው ሲወጣም ከዋናው ጽሑፍ ጋር መያያዙን አረጋግጡ፣ አለዚያ አንባቢ አያገኘውም።

የጀመራችሁት ደብዳቤ ካለ፣ ከመላካችሁ በፊት ስሌቱን ሌላ አባል ይየው።