«ወላጅ ይዘህ ና» ለጥፋት ብቻ አይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት የሚመጣልኝ መልእክት አንድ ነበር፤ «ወላጅ ይዘህ ና»። በሰማሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ዘንድሮ የሒሳብ መምህርቱ ደወሉልኝ።

«ምን አጠፋ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም! ማባዛት ገብቶታል። ማታ ሒሳብ ሲሠሩ አጠገብዎ ያስቀምጡት» አሉኝ።

አሁን የቀኑን ሽያጭ የሚያሰላልኝ እሱ ነው። ጣቱን እያጠፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ኪሎውን በዋጋው ያባዛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን ማገዝ ግን አላቃተኝም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት እኛም ጋ አለ። ስብሰባው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ዋናው የገበያ ሰዓታችን። ወሬውም መዋጮ ብቻ ነው። መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቡንና ስለ ልጆቻችን ንገሩን።

አንዲት እናት፣ ከጎንደር