ስለ ቢራቢሮ አንጎል የወጣው ጽሑፍ እርማት ያስፈልገዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ እንስሳት አንጎል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ዝግመተ ለውጥን ከነፍሳት ተነሥቶ ወደ ሰው እንደሚያደርስ መሰላል አድርገው ከማቅረባቸውም በላይ፣ ቢራቢሮ በደመ ነፍስ ብቻ እንደምትኖር፣ የምትማረውም ሆነ የምታስታውሰው ነገር እንደሌለ ደምድመዋል። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼም ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ ይህ ድምዳሜ ሳይታረም ማለፉ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

ድምዳሜውን የሚያፈርሱት በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች የሚኖሩት ሄሊኮኒየስ የተባሉ ቢራቢሮዎች ናቸው። አብዛኞቹ ቢራቢሮዎች ክንፍ ካወጡ በኋላ በዋነኝነት የአበባ ወለላ እየመጠጡ ጥቂት ሳምንታት ኖረው ሲሞቱ፣ ሄሊኮኒየሶች የአበባ ብናኝ ጭምር ይመገባሉ። ብናኙን በመምጠጫ ቱቧቸው ላይ ሰብስበው በምራቃቸው ያርሱታል፤ ቱቦውንም ለረጅም ጊዜ እየጠቀለሉና እየዘረጉ ካሹት በኋላ የሚወጣውን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን ንጥረ ነገር፣ ይመጥጡታል። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሎውረንስ ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህ ምግብ እንቁላል ለማፍራት ያገለግላቸዋል፤ እስከ ስድስት ወር ለሚደርሰው ዕድሜያቸውም አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

ብናኙ ግን እንደ ልብ አይገኝም። በብዛት የሚያገኙት ከዱባ ወገን ከሆኑ የደን ሐረጎች ሲሆን፣ ሐረጎቹ በጫካው ውስጥ ተራርቀው የሚበቅሉ፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የሚያብቡ ናቸው። እንዲህ ያለው ምግብ ቦታውን ለሚያስታውስ እንጂ በአጋጣሚ ለሚያልፍ አይመችም። ሄሊኮኒየሶችም ያንኑ መንገድ ተከትለው የሚያውቋቸውን ሐረጎች ደጋግመው ይጎበኛሉ፤ ሲመሽም ከሌሎች ጋር ተሰባስበው ወደሚያድሩበት ወደዚያው ቦታ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ደመ ነፍስ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ፣ ለእኔ ጥያቄውን መሸሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ደግሞ ነገሩን ከአንጎሉ ተነሥቶ ያሳያል። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ስቲቨን ሞንትጎመሪና ባልደረቦቹ የእነዚህን ቢራቢሮዎች አንጎል ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጽረው፣ ነፍሳት ለመማርና ለማስታወስ የሚጠቀሙበት እንጉዳይ መሰል የአንጎል ክፍል በሄሊኮኒየሶች ከሁለት እስከ አራት እጥፍ አድጎ አግኝተውታል። እድገቱ በይበልጥ የታየው የእይታ መረጃን በሚቀበለው በኩል ሲሆን፣ በሙከራም የሄሊኮኒየሶች የረጅም ጊዜ ትውስታ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው፣ ያደገው አንጎሉ በሙሉ አለመሆኑን ነው። አቅጣጫን ለመጠበቅ የሚያገለግለው ማዕከላዊ ክፍል እምብዛም አልተለወጠም፤ ቤቱን ሳያፈርሱ አንዱን ክፍል ብቻ እንደማስፋት ያለ ነው። የነርቭ ሕዋስ ብዙ ኃይል የሚፈጅ በመሆኑ፣ ኑሮው የማይጠይቀውን ክፍል ማሳደግ ትርፉ ኪሳራ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ዘመዳሞች መካከል የትኛውን በመሰላሉ ላይኛ እርከን ላይ፣ የትኛውን በታችኛው ልናስቀምጥ ነው? ትንሽ እንጉዳይ መሰል ክፍል ያላቸውም ቢሆኑ ለኑሯቸው የሚበቃቸውን ይዘው እስከ ዛሬ በዚያው ደን ውስጥ አሉ።

ጸሐፊው ዝርያዎች አንዴ ከተለያዩ በኋላ ዘረመል እንደማይወራረሱ የጻፉትም እንደዚሁ መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሄሊኮኒየስ ሜልፖሜኔ የተባለው ዝርያ ጂኖም፣ ማለትም የዘረመሉ ሙሉ ስብስብ፣ ተነቦ ሲታተም፣ የክንፍን ቀለም የሚወስኑ የጂኖም ክፍሎች በመዳቀል ምክንያት ከዝርያ ወደ ዝርያ መሻገራቸው ታይቷል። ቢራቢሮዎቹ በአካላቸው ሳይናይድ የሚያመነጭ መርዝ ስላላቸው፣ ወፎች ቀምሰው የተጸየፉትን ቀለም ሁለት ዝርያዎች ቢጋሩት ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፍሪትዝ ሙለር ብራዚል ሆኖ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስረዳው ይህንኑ ነበር።

ከጠባይ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ግኝት ነው። ሜልፖሜኔና ቲማሬታ በተባሉት ዝርያዎች ውስጥ ቀይ ክንፍ ያላትን ሴት የሚመርጡ ወንዶች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ ይህ ምርጫ ሬጉካልሲን 1 ከተባለው ጂን ጋር እንደሚያያዝ፣ ምርጫውም በመዳቀል ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው እንደተላለፈ አሳይተዋል። ጂኑ እንዳይሠራ ሲደረግም ወንዶቹ የገዛ ዝርያቸውን ሴቶች ማሽኮርመማቸው ቀንሷል። በሌላ አነጋገር፣ ከጎረቤት ዝርያ የሚወረሰው የክንፍ ቀለም ብቻ ሳይሆን የዓይን ምርጫም ጭምር ነው። መሰላል ደግሞ ወደ ጎን መሻገሪያ የለውም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በሁለቱ ነጥቦች ላይ፣ ማለትም ቢራቢሮ አትማርም በተባለውና ዝርያዎች ዘረመል አይወራረሱም በተባለው ላይ፣ በዚያው ዓምድ እርማት እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወደፊትም ስለ አንጎል መጠን ሲጻፍ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደተለካና ከየትኛው ዝርያ ጋር እንደተነጻጸረ አብሮ ቢገለጽ፣ አንባቢ የራሱን ፍርድ ለመስጠት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፤ ከአዲስ አበባ