ቀዳዳዋን አታስደፍን

ይድረስ ለልጄ። እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበትም ተሽሎታል።

እህትህ ነገረችኝ። ለቤት ኪራይ መያዣ ያስቀመጥከውን ገንዘብ አንስተህ የጥንት የእንግሊዝ ወርቅ ሳንቲም ገዝተህበታል። ተናድጃለሁ። እስካሁንም አልበረደልኝም። ፎቶዋን ግን ሦስት ሌሊት እያጎላሁ ሳያት አመሸሁ። አርባ ዓመት ወርቅ ያነጠረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዓይኑን መንቀል አይችልም።

ከቁጣው በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ቀዳዳዋን አታስደፍን። እዚያ ያለ ወርቅ ሠሪ «በይጄ እደፍነዋለሁ፣ አይታወቅም» አለህ አሉ። ይታወቃል! የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወርቅ ከ1000 እጅ 995ቱ ንጹሕ ነው። የዛሬ መበየጃ ብርና መዳብ አለበት፣ ቀለሙ አይገጥምም። እሳቱም ፊቷን ያበላሸዋል።

ኤንጅል ይሏታል። በኤድዋርድ 4ኛ ጊዜ፣ በፈረንጆች 1465 ገደማ ጀመረች። ያንተዋ የሄንሪ 7ኛ ናት። በአንድ ፊቷ ቅዱስ ሚካኤል ዘንዶውን ሲወጋ፣ በሌላው መስቀል እንደ ምሰሶ የቆመባት መርከብ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት የተወለድከው ልጄ ይቺን መምረጥህ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አስለቅሶኛል።

የእንግሊዝ ነገሥታት አንገቱ ያበጠበትን በሽተኛ በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። ከዚያ ኤንጅሏ በሪባን አንገቱ ላይ ትታሰርለታለች። ብዙዎቹ የተበሱት ለዚህ ነው። ፎቶውን አንተም አጉላው። ቀዳዳው ከሚካኤል ራስ በላይ ነው፣ መልአኩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታስቦ። ክብ አይደለም። ወደ ላይኛው ጠርዝ ተስቧል። ክር ነው እንደዚያ የበላው። አንድ ሰው ዓመታት አንገቱ ላይ አስሯት ተኝቷል፣ ተነስቷል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እህትህ የምታስረውን የአያትህን መስቀል ታውቀዋለህ። ከምን እንደሠራሁት ግን ነግሬህ አላውቅም። እማዬ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ስትመጣ አንገቷ ላይ የቀረችላት አንዲት ጠገራ ብር ነበረች። 1780 የሚል የተጻፈባት፣ ማርትሬዛ። ላስደስታት ብዬ፣ ሳልጠይቃት፣ አቅልጬ መስቀል ሠራሁላት። ሳመችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ እያሻሸች «ቀዳዳዋስ?» አለችኝ። ለካ አባቷ በሚስማር የበሳላት ነች። ሲጨንቃት ጣቷን እዚያ ላይ ነበር የምታሳርፈው። መልስ አልነበረኝም። እስክትሞት ድረስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ቀዳዳዋን አታስደፍን እልሃለሁ። «ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ይቀንሳል። በርካሽ ያገኘሃትም ለዚያው ነው። በፈረንጆች 2021 እንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ ማሳ ላይ ተገኝታ፣ ኋላ በጨረታ 540,000 ፓውንድ ያወጣችው የሄንሪ 3ኛ ሳንቲም በ1257 የተሠራች፣ በጣት ከሚቆጠሩት አንዷ ናት። ያንተዋ እንደዚያ አይደለችም። ሀብታም እሆንባታለሁ ብለህ እንዳትበደር!

ደግሞ በሳሙና እንኳ እንዳታጥባት። ወርቋ ልስልስ ነው፣ ቶሎ ይጫራል። ስታያት ጠርዟን ይዘህ፣ ከሥር ፎጣ አንጥፈህ ይሁን። ደረሰኙን አስቀምጥ። ሻጩንም ከማን እንደገዛት በጽሑፍ ጠይቀው። ከማሳ አወጣሁ የሚል ሰው ያለ ወረቀት ሌላ ቢያቀርብልህ እንዳትነካ። ሁለትና ከዚያ በላይ አብረው የተገኙ፣ 300 ዓመት የሞላቸው የወርቅ ሳንቲሞች በ14 ቀን ውስጥ ለመንግሥት እንዲነገሩ የእንግሊዝ ሕግ ያዛል። የኪራዩን ገንዘብ በየወሩ መልስ፤ ለእህትህ እያሳየሃት።

ወርቅ ሠሪው ጋ ሰጥተሃት ከሆነ ነገ በጠዋት ሄደህ ተቀበለው። ቀዳዳዋን እንዳይነካ።

ትንሽ የኪስ ሚዛንም ግዛ። አዲስ ስትሠራ 5.18 ግራም ነበረች። ቅዳሜ እደውላለሁ፤ ክሩ ስንት እንዳስቀረልን ንገረኝ።

አባትህ