አባዬ፣ ሰማያዊ ነው

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ትልቋ ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች። ትንሹ ድሬዳዋ ባቡር ስላላት አንተ ባቡር ነጂ መስለኸዋል። አይደለም ብለው አላምን አለኝ፤ ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። አንተ አንባቢው፣ አያትህ "እለፈው" ቢልህም አንድ መስመር እንዳትዘል።

የላክሁልህን የግድግዳ ወረቀት ናሙና በቪዲዮ እያሳየኸኝ "አረንጓዴው ያምራል" አልከኝ። አባዬ፣ ሰማያዊ ነው። ያኔ ምንም አላልኩም፣ ወሬውን ወደ ልጆቹ መለስኩት። ሌላ ሰው ቢሆን የስልኩ ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር። አንተ ግን ኮተኒ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል ሰማያዊን ከሰማያዊ ስትለይ ያረጀህ ሰው ነህ። የውስጡን መብራት አታምነውም ነበር። ቁራጩን ይዘህ ደጅ ትወጣለህ፣ ፀሐይ ላይ ወዲህ ወዲያ ታገላብጠዋለህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ደግመህ ታየዋለህ። ከዚያ "ቀይ በዝቶበታል፣ ይመለስ" ትላለህ። ምሳህን ይዤ በር ላይ ስጠብቅ ስንቴ አይቼሃለሁ።

እህቴ በኋላ ነው የነገረችኝ። ሞራ ነው አሉ። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ይደፈርሳል፣ ቢጫም ይሆናል። ሰማያዊን የሚበላብህ ያ ቢጫ ነው። ሐኪሞቹ የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩበታል፤ አብዛኛው ሰው በዕለቱ ቤቱ ይገባል። አንተ ደግሞ "ለቀረችኝ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል?" አልክ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ።

ለጎረቤት "እንግሊዝ አገር ፋብሪካ ገብታለች" እንደምትል ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ምን እንደምሠራ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ስለዚህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ያለሁት ላንካሺር ነው። ድሮ አገሩ ሁሉ የጥጥ ፋብሪካ ነበር። የግድግዳ ወረቀት በማሽን ማተምም በ1839 እ.ኤ.አ. እዚሁ፣ ዳርዌን በምትባል ከተማ ነው የተጀመረው። እኔ ጥለቱን እነድፋለሁ፣ ለወረቀትም ለመጋረጃ ጨርቅም። አንድ ጥቅል ወረቀት ስፋቱ 53 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። የአንዱ ቀኝ ጠርዝ ከሚቀጥለው ግራ ጠርዝ ጋር ልክ መግጠም አለበት። ቅጠሉን መሃሉ ላይ እቆርጠዋለሁ፤ ግማሹ እዚህ ይቀራል፣ ግማሹ እዚያ ይሄዳል። ጥለቱ ጎን ለጎን እኩል ከተደረደረ ዓይን ወዲያው መስመር ያወጣበታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ረድፍ በግማሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ያኔ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ሲሊንደር ይቀረጻል፤ ስድስት ቀለም ካልኩ ስድስት ሲሊንደር ነው። አለቆቼ "ቀለም ቀንሺ" እያሉ የሚጨቀጭቁኝ ለዚህ ነው።

ቀለሙን የምንፈትሸው ሣጥን ውስጥ ነው። አንዴ የቀን ብርሃን ዓይነት መብራት ይበራበታል፣ አንዴ የቤት አምፖል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። አንተ ደጅ ወጥተህ በነፃ የምትሠራውን እነሱ ማሽን ገዝተውለታል። ይህን ሙያ ያየሁት ካንተ ነው። አመሰግናለሁ።

ግን ግድግዳውስ? ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከአክስቴ ጎረቤቶች ቤት ከወለል እስከ ጣራ የተሰቀለውን ሰፌድና ሙዳይ አይቼ መጥቼ ሳሎናችን ላይ በከሰል ሣልኩት። ከፈረቃ ገባህ፣ ቆመህ አየኸው፣ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ኖራ በጠበጥክ። "ስዕል እንጀራ አይሆንም፣ ሒሳብ አያያዝ ትማሪያለሽ" አልክ። ይኸው ነው ያልከው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ደግሞ "በጎርፉ ግድግዳው ረጥቦ ነው" ትላለህ። አባዬ፣ ጎርፉ የመጣው በሐምሌ 1998 ነው። ኖራው የተቀባው በፋሲካ ዋዜማ ነው፣ እማዬ የዶሮውን ሽንኩርት እየከተፈች። እሷም ቀና ብላ አይታለች። የደቻቱ ወንዝ ያን ሁሉ ሰው ወስዷል፤ ይህችን እንኳ እሱ ላይ አትለጥፍበት።

ቂም አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

የላክሁልህ ናሙና ያው ነው፣ ሙዳዮቹ ናቸው። መደቡን ሰማያዊ ያደረግሁት የጀጎልን የመንደር ግንብ አስቤ ነው። አሁን በሙሉ ጥቅል ታትሞ ወጥቷል። ሰው የሳሎኑ ግድግዳ ላይ እየለጠፈው ነው። አንተ አረንጓዴ ነው እንዳልክ እንዲቀር አልፈልግም።

ስለዚህ እህቴ የያዘችልህን ቀጠሮ እንዳታስቀር። ስኳር እንዳለብህ ለሐኪሙ ንገር፤ እንደ ባለፈው አትደብቅ። የሰሞኑን ጫት ተወው አቦ፣ ጓደኞችህ አይጠፉም። የላክሁት ብር ካልበቃ እህቴ ትንገረኝ፤ አንተማ "ተርፏል" ነው የምትለው። ለቁልቢ እመጣለሁ። ስለት አለብኝ። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ለሳሎኑ የሚበቃ ወረቀት ይዤ ነው የምመጣው። ሙጫው የሚቀባው ግድግዳው ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ ቀላል ነው። ግን ኖራ ላይ አይይዝም፣ ዱቄቱ እየተራገፈ ይጥለዋል። ከመምጣቴ በፊት ግድግዳው መፋቅ አለበት። እሱን ላንተ ትቼዋለሁ፤ የቀባኸው አንተ ነህ።

ልጅህ